ከቡራኬ በኋላ የተነሣው ቫን

ዮአብን ያሰናበቱት አርብ ጠዋት ነው። አሰልጣኙ ቢሮው ጠርቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቡድኑ ሊለቀው መወሰኑን ነገረው፤ አመስግኖም እጁን ጨበጠው። ዮአብ «እሺ» አለ። ጓንቱን፣ ጫማዎቹንና የመምቻ ዱላዎቹን መኪናው ላይ ከጫነ በኋላ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ልቅሶ ይመጣ እንደሆነ ብሎ ጠበቀ። ምንም የለም። ራበውና ሳንድዊች ገዝቶ በላ።

ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ኮሎምበስ ከተማ፣ ሊንደን ሰፈር ያደገ የቤዝቦል ተጫዋች ነው፤ ሥራውም ሁለተኛው ቤዝ ከሚባለው የሜዳው ማዕዘን አጠገብ ጎንበስ ብሎ መሬት ለመሬት የሚምዘገዘገውን ኳስ እየለቀመ መወርወር ነው። ከሀበሻ ቤት እንዲህ ያለ ሙያተኛ ብዙም ስለማይወጣ የቸርቻችን ሰው ሁሉ «ልጃችን» ይለዋል። ጨዋታውን ግን የሚያውቅለት የለም። የቸርቹን ቫን የሚነዱት ጋሼ ዘገዬ እስከ ዛሬ ድረስ «ስንት ጎል አገባህ?» ነው የሚሉት።

ከኮሌጅ ሲወጣ አንድ ቡድን መረጠውና የታችኞቹ ሊጎች ኑሮ ተጀመረ። አውቶቡስ ላይ ማደር፣ አንድ አፓርትመንት ለአራት መከራየት፣ ስሙን በሰማ ማግስት በሚረሳው ከተማ መጫወት። አንድ ዓመት ኳሱን እንዳሻው ይመታል፣ አንድ ደረጃ ከፍ ያደርጉታል። በዓመቱ ጉልበቱ ይጎዳል፣ ሁለት ደረጃ ያወርዱታል። ሽቅብ ቁልቁል ሲል የእኩዮቹ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ። በስተመጨረሻ ኮሎምበስ ተመለሰ፤ ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ብሎ ወደሚጫወተው ቡድን።

እናቱ መዓዛ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። እሁድ እሁድ ለልጇ የምትለምነው አንድ ነገር ነው። «ትልቁ ሊግ ገብቶ ሲጫወት አንድ ቀን ዓይኔ ይየው።» ጉዱ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። የለመነችው ነገር ተሰጥቷት አምልጧታል፤ እሷ ግን አታውቅም።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። ከኮሎምበሱ ቡድን ተጫዋች የሚወስደው የትልቁ ሊግ ቡድን ሰው ተጎዳበትና ዮአብን ቅዳሜ አስጠራው። ጨዋታው በማግስቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሰዓት በመኪና በሚያስኬድ ከተማ ነበር። መዓዛ በጠዋት ልትሄድ ተዘጋጅታ ሳለ ፓስተር ልዑልቃል ደወሉላት። «በጸሎት የተገኘ ልጅ ነው፤ አመስግነን፣ ተባርከን፣ አብረን እንሄዳለን» አሏት። እኛ ደግሞ ሰው ከቡራኬ በፊት ሹልክ ሲል አንወድም፤ መዓዛም ቀረች። ምስጋናው ረዘመ። ምስክርነት ተጨመረበት። መዓዛ መድረክ ላይ ወጥታ እንድትዘምር ማይክ ሰጧት፤ ስትጨርስ ሕዝቡ «ይደገም!» አለ። ቫኑ ስቴዲየሙ ሲደርስ ጨዋታው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር።

ዮአብ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተሰልፏል። ሦስተኛው ዙር ላይ ኳሱን በሁለት ተከላካዮች መሃል አሾልኮ መታ። ትልቁ ሊግ ውስጥ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ እንደ ደንቡ ኳሷን አስቀሩለት። ስድስተኛው ዙር ላይ ደግሞ በእንቅልፍ ልቡ እንኳ የሚለቅመው ኳስ በእግሮቹ መሃል አለፈው። ቀየሩት። እናቱ ከላይ ሆና ሁለት እጇን ስታውለበልብለት ጃኬቱን ለብሶ ተቀምጦ ነበር።

«አላስገቡህም እንዴ፣ የኔ ልጅ?» አለችው ከጨዋታው በኋላ።

«ዛሬ ቤንች ነበርኩ ማሚ። ኔክስት ታይም።»

የዋሻት፣ እውነቱን ቢነግራት ያቺን ቡራኬ ዕድሜዋን ሙሉ ትቆጭባታለች ብሎ ነው። ረቡዕ ዕለት ወደ ታች መለሱት፤ ያ ኔክስት ታይም ያለው ቀን ሳይመጣ ቀረ።

እንግዲህ አርብ ተሰናብቶ፣ ለእናቱ ሳይነግራት ቅዳሜን አሳለፈ። ሊነግራት አፉን በከፈተ ቁጥር ስለ ምግብ ጠየቃት። እሁድ ቸርች ይዛው ሄደች። ፓስተሩ ወደ ፊት ጠሩት፤ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጫኑበት፤ ጌታ ወደ ትልቁ ሊግ እንዲመልሰው አጥብቀው ጸለዩ። የእጆቻቸው ክብደት ተሰማው፣ ሌላ የተሰማው ነገር የለም። ከዚያ ማይኩን ሰጡት።

«ቡድኑ ሪሊስ አድርጎኛል» አለ። «ከእንግዲህ አልጫወትም። አልቋል።»

ሕዝቡ ከልማድ የተነሣ «አሜን!» አለ። ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባቸው ያነሡትን እጅ አወረዱ። መዓዛ ብቻ «አሜን» አላለችም።

በር ላይ ጋሼ ዘገዬ ክንዱን ያዙት። «ግሮቭ ሲቲ እኛ ዌርሀውስ፣ እኔ የምሠራበት የዕቃ ማከማቻ፣ ሰው እየቀጠሩ ነው። አፕላይ አድርግ፤ እኔ ሱፐርቫይዘሩን አናግርልሃለሁ» አሉት።

ዮአብ አሁንም «እሺ» አለ።

መኪና ውስጥ ገብተው መዓዛ ቀበቶዋን አሰረች። ወደ እናቱ ቤት ወደ ዌስተርቪል ሊነሡ ሲሉ፣ «እንግዲህ ሳላይህ መቅረቴ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ።

ይህን ሰምቶ ሊያልፈው አልቻለም። ከፊቷ ያለውን የመኪናውን ኪስ ከፍቶ ኳሷን አወጣና ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

«ተጫውቼ ነበር ማሚ። በቫን የመጣችሁ ቀን። ይቺን መታሁ።»

«እኔ ስደርስ ተቀምጠህ አልነበር?»

«ከመድረሳችሁ በፊት ነው። ገና ቸርች እያላችሁ።»

በእግሮቹ መሃል ስላለፈው ኳስም ነገራት። እሱን የሰማችው አትመስልም። ኳሷን በሁለት እጇ ይዛ ቀይ ስፌቷን በአውራ ጣቷ ትከተላለች።

«ያን ሰዓት እኮ ማይኩ እጄ ላይ ነበር» አለች። «ስለ አንተ እየዘመርኩ ነበር። ድገሚው ሲሉኝ ደገምኩት።»

ዮአብ ያስነሣውን ሞተር አጠፋ። አርብ ጠብቆት የቀረው ልቅሶ አሁን መጣ።