ከከንቲባው ደጅ የራቀው ቦኖ

አቶ ባምላኩ ወዳጆ ከሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የከተማችን፣ የአፋፍ ገበያ፣ ምክር ቤት አባል፣ ኋላም ከንቲባ ሆነው ኖረዋል። ጉቦ አልበሉም፣ ድኻ አላስለቀሱም። የበደሉት የገዛ ሰፈራቸውን ብቻ ነው። ይህንንም የምናገረው ጎረቤታቸው ስለሆንኩና ትከሻዬን እስካሁን ስለሚያመኝ ነው።

ነገሩ የመጣው ከአባታቸው ነው። አባታቸው የጓሳ ጠባቂ ነበሩ። ጓሳ፣ የጎጆ ክዳን ሣር የሚታጨድበት የጋራ መሬት፣ ለዓመታት ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ከብት ማስገባትም ሆነ ሣር ማጨድ ክልክል ነው። ሽማግሌው አንድ ቀን እዚያ ስትግጥ ያገኟትን የራሳቸውን በቅሎ በገመድ ጎትተው ለዳኞች አስረከቡ። ባምላኩ ይህን እያዩ ስላደጉ፣ ሥልጣን ማለት የራስን በቅሎ መክሰስ መሰላቸው።

የመጀመሪያው የውኃ ቦኖ ሲመጣ ታች ሰፈር አስተከሉት። የሚቀጥለው ገበያው ዳር፣ ሌላው ትምህርት ቤቱ አጠገብ ሆነ። የእኛ የላይ ሰፈር ነገር በተነሣ ቁጥር፣ “ከንቲባው ለደጃፉ ቧንቧ ሳበ እንድባል ነው?” ይሉና ወሬውን ይቆርጡታል። በየዓመቱ ግምገማ ሌላው ሹም በማድላት ሲወቀስ፣ እኛ ጎረቤቶቻቸው እሳቸውን ባለማድላት እንወቅሳቸው ነበር።

ከሁላችንም የባሰባቸው ባለቤታቸው እትዬ አማከለች ናቸው። ከታች ሰፈር ቦኖ ጀሪካን አዝለው ዳገቱን ሲወጡ ሲወጡ ወገባቸው ተጎዳ። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሡ ሲመክራቸው፣ “እስቲ ይህን ለከንቲባው ንገርልኝ!” አሉት። ምርጫ በደረሰ ቁጥር ቤት ለቤት እየዞሩ፣ “በእመቤታችን ይዣችኋለሁ፣ ባሌን አትምረጡብኝ” ይላሉ። ሰዉ ግን ይስቅና፣ “ሚስቱን እንኳ የማይጠቅም ሹም ከየት ይገኛል!” ብሎ መልሶ ይመርጣቸዋል።

በሁለት ሺህ አምስቱ ምርጫ እትዬ አማከለች ዘዴ ለወጡ። ራሳቸው ተወዳደሩ፤ የላይ ሰፈር ሴቶችም በእልልታ ምክር ቤት አስገቧቸው። ገና በመጀመሪያው ስብሰባ የላይ ሰፈርን ቦኖ አነሡ። ከንቲባው ተነሥተው የተለመደውን መልስ ሊሰጡ ሲሉ እትዬ አላስጨረሷቸውም።

“ክቡር ከንቲባ” አሉ፣ ቤት ውስጥ አንተ የሚሏቸውን ባላቸውን አንቱ ብለው። “አባትዎ ጓሳን ሲጠብቁ ኖሩ። ቀኑ ደርሶ ጓሳ ሲከፈትስ ምን ያደርጉ ነበር?”

“ያጭዱ ነበር።”

“ከማን ጋር?”

“ከሰዉ ሁሉ ጋር።”

“ጠባቂ ነኝና የእኔ ጎጆ ሳይከደን ይቅር ብለው ያውቃሉ?”

አቶ ባምላኩ ያን ያህል ዓመት የበቅሎዋን ነገር ሲያወሩ፣ አባታቸው በመክፈቻው ቀን ማጭድ ይዘው ከሕዝቡ ጋር እንደሚወጡ ትዝ ብሏቸው አያውቅም። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ “ለሚስቴ ጉዳይ እጅ አላወጣም፤ እናንተው ወስኑ” ብለው ወጡ። ውሳኔውን ደጅ ብርዱ ላይ ቆመው፣ ከአዳራሹ በወጣው እልልታ ሰሙ።

ቦኖው ከቤታቸው ትንሽ አለፍ ብሎ ተተከለ። ውኃው በተለቀቀ ዕለት እትዬ አማከለችን ልናስቀድም ብንል፣ ከንቲባው “ወረፋ ይያዝ!” ብለው ተቆጡ። ተራው ሲደርስ ግን ጀሪካኑን ራሳቸው ሞሉና ተሸከሙት። ደጃፋቸው ላይ ሲያወርዱት ላብ አጥምቋቸዋል።

“እንዲህ ይከብድ ኖሯል?” አሉ።

“ይኼ እኮ ሜዳው ነው” አሉ እትዬ አማከለች። “ዳገቱን አላየኸውም።”

አቶ ባምላኩ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ቀን ወዲህ የዚያን ቤት ውኃ የሚቀዱት እሳቸው ናቸው፤ ወረፋ ግን ዛሬም አያስጥሱም።