አዋሽን የጠበቅሁበት ክረምት

አዋሽን እንድጠብቅ የመረጠኝ ጭቃ ሹሙ ነው። ከሁዳድ ሥራ ነፃ አውጥቶ፣ ከአዳማ በታች ባለው ሜዳ፣ ወንዙ ዳር አስቀመጠኝ። ሥራዬ ውሃው ውስጥ የተተከለውን የግራር ግንድ ማየት፣ በቢላ ካበጀሁበት ምልክቶች ሦስተኛው ሲሸፈን ጥሩምባ መንፋት ነበር። ሰዉ ዓይንህ ላፈር አለኝ። «እኛ ወገባችን እስኪቆረጥ ስናርስ እሱ ተጋድሞ ውሃ ሲያይ ይውላል» ይሉ ነበር። ከሁሉም የባሰችው የገዛ እህቴ ናት።

ለምን ቢባል፣ በመጀመሪያው ክረምት ጥሩምባ ነፍቼ አገሩን በሙሉ ኮረብታ ላይ አወጣሁት። ውሃው ሜዳው ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። እህቴ ኮረብታው ላይ ሳለች ጥጃዋን ጅብ በላባት። ከዚያ ወዲህ ደጇ ብቆም ግባ አትለኝም። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ኩርፊያዋ አንጀቴን ያቆስለው ነበር። ይቅርታ ግን አልጠየቅሁም፤ ምን አጥፍቼ?

በዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ በእኛ በኩል ለቀናት ጠብታ ሳይጥል ሰንብቶ፣ በጠራራ ፀሐይ ወንዙ የጥድ ቅርንጫፍ እያንከባለለ መጣ። ጥድ በእኛ ቆላ አይበቅልም፤ ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ወርዷል ማለት ነው። ሦስተኛው ምልክት ተውጧል። ጥሩምባውን ነፋሁ። ጎረቤቱ እየረገመኝም ቢሆን ወጣ። የእህቴ ጎጆ ለወንዙ ከሁሉም ይቀርባል፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ሮጬ ሄድሁ። ባሏ አህዮቹን ይዞ ወለንጪቲ ገበያ ነበር። ሁለቱ ልጆቿ ደጃፍ ላይ እሸት በቆሎ ይግጣሉ።

«እትዬ፣ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ!»

«እስቲ ቀና በል፤ ደመና አለ?»

«ዝናቡ ደጋ ነው የዘነበው። ውሃው እየመጣ ነው!»

«አምና ጥጃዋን፣ ዘንድሮ ደግሞ ላሟን ለጅብ ልትሰጥብኝ ነው? ሂድ ከደጄ!»

ልጎትታት ስሞክር በዘነዘና ክንዴን አለችኝ። ደሜ ፈላ። ከምድጃዋ ጭራሮ ለኩሼ የጎጆዋ ክዳን ላይ ወረወርሁት። ሳሩ ደርቆ ኖሮ ወዲያው ተያያዘ። እህቴ እሪ ብላ ልጆቿን አንዱን አዝላ አንዱን እየጎተተች ወደ ኮረብታው ሮጠች። እኔም ላሟን እየነዳሁ ተከተልኋት። ላይ እስክንደርስ ድረስ ስትረግመኝ ነበር።

ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ ውሃው ደረሰ። ሜዳው ባሕር ሆነ፤ አንድም ጎጆ አልተረፈም። ሲሰድበኝ የከረመው ሁሉ እየመጣ ትከሻዬን ይስም ጀመር። የማናቸውንም መሳም አልፈለግሁም። እህቴን ነበር የምጠብቀው፤ አሁን ትታረቀኛለች ብዬ።

ዞር ብላ አየችኝ። «የሌላውን ቤት ወንዝ ወሰደው፤ የእኔን ያቃጠለው ወንድሜ ነው» አለች።

እነዚያን ሁለት ልጆች ስትድር አገሩን በሙሉ ጠራች። እኔን አልጠራችኝም።