ግራር ያልኩት ዛፍ

ባለቤቴ ደጃችን ላይ የተከለውን ዛፍ ጃካራንዳ ነው ይለኝ ነበር። ዘሩን ያወጣው ፒያሳ ከለቀመው ክብና ጠፍጣፋ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ ፍሬ ውስጥ ነው። እኔ ደቃቅ ቅጠሉን እያየሁ እቀልድበት ነበር።

«ግራር ተክለህ አበባ ትጠብቃለህ?»

«እሾሁን አሳይኝና ልመንሽ። በዚህ ግቢ የሚወጋ ያንቺ ምላስ ብቻ ነው።»

ዛፉ ስምንት ዓመት ሳያብብ ቆየ። ባለቤቴ በጥር አረፈ። ለአርባው ተዝካር ድንኳን ሲተከል ዛፉ ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ ስላየሁት፣ ደርቋል ብዬ አስቆረጥኩት። ሲወድቅ ከጫፎቹ ሐምራዊ እንቡጦች ተበተኑ፤ ጥቂቶቹ እንደ ትንሽ ጥሩምባ ተከፍተው ነበር። ጃካራንዳ ቅጠሉን የሚያረግፈው ሊያብብ ሲል መሆኑን፣ ዕድሜዬን ሙሉ በየመንገዱ በሥሩ ሳልፍ አላስተዋልኩም።

ለጸሎት የመጡት የንስሐ አባታችን ጉቶውን አይተው ቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ ያ የሚሳሳለት ዛፍ ምን አገኘው?»

እንቡጦቹን በእግሬ ወደ ምንጣፉ ሥር እየገፋሁ፣ «ደርቆ ነው አባቴ» አልኳቸው።

እሳቸውም «እግዜር ያጽናሽ» ብለው አለፉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ንስሐ ገብቻለሁ፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።