በሕማማት የቀባሁት የኑግ ዘይት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ። እንዲያውም ያንን ሕማማት ጣቴን ሳይቀር አስጹሜ እንዳሳለፍሁ ነግሬአቸው መርቀውኛል። ዛሬ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ገብቼ የመጀመሪያ ዓመቴን ስማር ያ ምርቃት ይከብደኛል። አንተ የምታነብ ሆይ፣ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

አዳማ ሳለሁ የምሠራው ጋሽ ከማል ቤት ነበር። ጋሽ ከማል ከወሎ የመጡ የቆዳ ነጋዴ ናቸው። ወደ አገሩ ከተመለሰ ፈረንጅ የገዙት ሞተር ብስክሌት፣ እኛ ዶቅዶቄ የምንለው፣ ነበራቸው። በበዓል ቀን ከከተማው ውጭ ባለው ሜዳ ከፈረሰኞች ጋር ይሽቀዳደሙበታል። እሽቅድምድሙ ባለቀ ቁጥር ዶቅዶቄውን የማሰናዳው እኔ ነበርሁ። ጎማዎቹን እፈታለሁ፤ ጎማው የሚዞርባቸውን ትንንሽ የብረት ኳሶች ከአሸዋ በላምባ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቅባት እቀባቸዋለሁ። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣው ቅባት ሲያልቅ የጋሽ ከማል ባለቤት እትዬ ዘይነባ የበሬ ሞራ አቅልጠው፣ በሻሽ አጥልለው ይሰጡኛል።

እትዬ ዘይነባ እናቴ ነበሩ ብል አልዋሸሁም። እስላም ያረደውን እንደማልበላ ስለሚያውቁ የእኔን ሽሮ የሚሠሩበት ድስት ለብቻው ነበር፤ ሥጋ ነክቶት አያውቅም።

በሕማማት፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ለሚደረገው የማዕዶት እሽቅድምድም ዶቅዶቄውን ሳሰናዳ እትዬ ዘይነባ ሞራውን በቅል አምጥተው ሰጡኝ። እስላም ካረደው በሬ የወጣ ሞራ፣ በዚያ ሳምንት! በአፌ ባልቀምሰውም በእጄ መንካቱ ጾሜን የሚያረክስ መሰለኝ። ይህን ያዘዘኝ ቄስ የለም፤ ከራሴ ያመጣሁት ነው። አልነካም ብል ማን ይቆጣኝ ነበር? ድስት የለዩልኝ ሴት ይህን ይነፍጉኝ ነበር? እኔ ግን ቅር እንዳይላቸው ብዬ ተቀበልሁ። ሞራውን ደብቄ በምትኩ የኑግ ዘይት ቀባሁ። ዘይት ያው ዘይት ነው አልሁ።

ማዕዶት ዕለት ጋሽ ከማል ፈረሶቹን ቀድመው ሲበሩ የፊተኛው ጎማ ድንገት አልዞር አለ። ተወርውረው ወደቁ፤ ክንዳቸው ተሰበረ። አንድ ፈረሰኛ በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ “ከማል! ብረትህ ገብስ አማረው እንዴ?” ብሎ ሳቀ።

ቤት አድርሰናቸው ሰው ሁሉ ወጌሻውን ከቦ ሳለ ጎማውን ፈታሁ። ኑጉ ከአቧራው ጋር እንደ ሙጫ ጋግሮ ኳሶቹን አንቆ ይዟቸዋል። አጠብሁት። ከዚያም ተጠይፌ የደበቅሁትን ሞራ አውጥቼ በገዛ እጄ ቀባሁበት። ጾሙ ተፈትቷላ!

“ምን ሆኖ ነው?” አሉኝ ጋሽ ከማል ከተኙበት።

“ሞራው አሸዋ ነበረበት፣ ጋሼ።”

እኔ ነኝ ያልሁት። እኔ።

ጋሽ ከማል ለሚስታቸው ክፉ አልተናገሩም። ከዚያ ወዲያ ግን ሞራ የሚያስቀልጡት ከጎረቤት ሆነ። ውኃ የሚቀዱ ሴቶችም፣ “ዘይነብዬ፣ ሞራ ከማጥለል ባል መጣል ቀለለሽ?” ይሏቸዋል።

“ባሌን ቤት የማስቀርበት ሌላ መላ አጥቼ ነዋ!” ብለው ይስቃሉ እትዬ ዘይነባ።

እቤት ሲገቡ ግን ያ ሳቅ የለም። ሻሹን ወደ ፀሐይ አንስተው ቀዳዳ ሲፈልጉ አይቻቸዋለሁ። ያልነበረ ቀዳዳ!

ትምህርት ቤት እንድገባ ባላቸውን የለመኑልኝ እርሳቸው ናቸው። “ይህ ልጅ ሐሰት አያውቅም፤ ይማር” ብለው። የምማረው ፊደል ሁሉ የእርሳቸው ውለታ ነው። ማለዳ ስነሣ አስቀድሜ የማመሰግነው እግዚአብሔርን ነው፤ ቀጥዬ እትዬ ዘይነባን። ምስጋናዬ እውነት ነው፤ ስለዚህም ነው የሚያቃጥለኝ።

ልጅ ነበርሁ አልልም። ጾም ነበር አልልም። ትምህርት ሲዘጋ አዳማ እወርዳለሁ፤ በጋሽ ከማል ፊት፣ ከዚያም በውኃ ቀጂዎቹ ፊት እናገራለሁ። ይቅርታ ለመለመን ግን አልቸኩልም። እትዬ ዘይነባ ገና ሳልጨርስ “ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። መጀመሪያ ይቆጡኝ። እስኪበቃቸው ድረስ ይቆጡኝ።