የእናቴ እንዝርትና የክት ነጠላዋ

ከሮም የተነሣሁት እናቴን ለመጠየቅ ነበር። የመርሳት ሕመም እንደያዛት ወንድሜ ታደለ በስልክ ነግሮኛል። እኔም ሮም የምሠራው እንዲህ ያሉ አረጋውያን በሚውሉበት ቤት ነው፤ ሥዕል እናስላቸዋለን፣ ሸክላ ጭቃ እናስጠፈጥፋቸዋለን፣ የልጅነታቸውን ዘፈን አብረን እንዘፍናለን። ስለዚህ ባለቀለም እርሳስና ወረቀት ሸክፌ፣ መድኃኒቷን የያዝኩ ያህል ደስ እያለኝ መጣሁ።

ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ

አውቶቡሱ በማለዳ ተነሣ። ጣርማበር ላይ ጉም መንገዱን ሸፈነው፤ ሾፌሩ ፍሬን እየያዘ በዝግታ ሲነዳ እኔ ውዳሴ ማርያሜን ደገምኩ። ሞላሌ ስንቆም የአንድ ብር የገብስ ቆሎ ገዛሁ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ጥርስ የለኝም ብለው እምቢ አሉና፣ ትንሽ ቆይተው እፍኝ ሙሉ ዘገኑ። መሐል ሜዳ ታደለ በቅሎ ይዞ ጠበቀኝ። ዳገቱን ስንወጣ ገብሱ ግራና ቀኝ ለአጨዳ ደርሶ ነበር።

ቤት

እናቴ መደብ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ዘርፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። አላወቀችኝም። እርሳሱን ብሰጣት፣ «የተማሪ ዕቃ ነው፤ ይፈልጉታልና መልሺላቸው» አለችኝ።

እንዝርቷን ፈልጌ አጣሁት። መንደሩ ለብርድ የሚለብሰው ባና አብዛኛው እሷ ከፈተለችው የበግ ጠጉር የተሠራ ነው። የታደለ ሚስት አስካለ ምክንያቱን ነገረችኝ። እናቴ ባለፈው ዓመት ቀኑ ጠፍቶባት በሚካኤል ዕለት ደጅ ወጥታ ስትፈትል ታየች። በሳምንቱ በረዶ ገብሱን መታው። ጎረቤታችን እትዬ የሺ በዓል ስለተሻረ ነው ብለው አወሩ፤ ታደለም እንዝርቱን ደበቀ።

እንዲመልስላት ለመንኩት። «አንቺ ትሄጃለሽ፤ ከጎረቤት ጋር የምኖረው እኔ ነኝ» አለኝ። እኔም በዓል እንዲሻር አልፈልግም። ግን እጇ ሥራ ሲያጣ እሷም አብራ እየከሰመች ነበር።

ያኔ የሥራ ቦታዬ ትዝ አለኝ። አረጋውያኑ ቀኑን አያውቁም፤ ሽርጥ ስናስታጥቃቸው ግን የሥዕል ሰዓት መሆኑ ይገባቸዋል፣ ብሩሹን ራሳቸው ይጠይቃሉ። እናቴንስ በበዓል ጠዋት የክት ነጠላዋን ብናለብሳት? አስካለ ሳቀች። «የክት ለብሰው እንኳን ሊፈትሉ፣ እሳት አጠገብም አይቀመጡ» አለች። ታደለ ይሞከር አለ፤ በበዓል ከፈተለች ግን እንዝርቱን ዳግመኛ እንደማታየው ቁርጡን ነገረኝ።

በሥራ ቀን እንዝርቱን ስንሰጣት ጣቶቿ እንዴት ነው ብለው አልጠየቁንም፤ ክሩ ቀጥ ብሎ ወረደ።

የእመቤታችን ዕለት

አስካለ የክት ነጠላዋን አለበሰቻት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ የሺም ገቡ። ታደለ ሊፈትናት እንዝርቱን አጠገቧ አኖረ። እኔ በልቤ እጸልያለሁ። እናቴ እንዝርቱን አነሣች። ከዚያ የነጠላዋን ጥለት ዳሰሰች።

«የሺ፣ ዛሬ ምን ታቦት ነው?»

«እመቤታችን ናት።»

«ታዲያ ይኼን ማን አኖረው? በረዶ ልታመጡብን ነው?»

እንዝርቱን ከመደቡ አጎዛ ሥር ወሸቀችው። እትዬ የሺ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ታደለ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ኩራቴን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ስመለስ በሥራ ቀን የፈተለችውን የክር ልቃቂት እጄ ላይ አኖረችልኝ። «ለልጄ አድርሺልኝ። ሰው አገር ናት፤ ይበርዳታል።»

አደርሳለሁ አልኳት።

ሮም

ይመስገነው በሰላም ገባሁ። ለእናቴ ጥበብ ይዤላት የሄድኩ መስሎኝ ነበር፤ ጥበቡ ከእሷ ዘንድ ነበር፣ የጎደላት ቀኑን የሚነግራት ብቻ ነው። በክሩ የአንገት ልብስ ሠራሁ። አረጋውያኑ እየዳሰሱ ማን እንደፈተለው ይጠይቁኛል፤ ይረሱና በማግስቱ ደግመው ይጠይቃሉ። እኔም ሳይሰለቸኝ እናቴ ናት እላለሁ። መልእክቷ ደርሷል፤ አይበርደኝም።