በወይራ የታጠኑት ጠርሙሶች

ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ፣ አረንጓዴ ውሃ የሞላባቸውን ብልቃጦች መስኮት ላይ ደረደረች። «እማዬ፣ እንዳትነኪብኝ» ስትለኝ እጄን ሰበሰብኩ። ከአራተኛ ክፍል ያለፍኩ ሴት አይደለሁም፤ ይህን የውሃ አረንጓዴ ግን ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ኮረዳ ሳለሁ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ገብሱ ሲያሽት። አንድ የከተማ መምህር ሞላሌ ከተማ አጠገብ፣ እኛ ቤት አረፉ። ዋቅላሚ ይለቅሙ ነበር፤ ምንጭና ኩሬ ላይ የሚያረገርገውን አረንጓዴ ማለቴ ነው። ሦስት ቀን ዞረው ስድስት ጠርሙስ ሞሉ፣ ወረቀት ለጥፈው ጓዳ አስቀመጡ። በማግስቱ ሊሄዱ ስለሆነ ለስንብት ወደ ሰፈራችን ቄስ ቤት ወጣ አሉ።

እናቴ «ዕቃውን አጣጥቢ» አለችኝ። የእንግዳ ዕቃ ሻግቶ ከቤታችን ሲወጣ አገር ምን ይላል? ያን አረንጓዴ ውሃ ደፋሁት። በአመድ ፈተግኩ፣ ወረቀቱን ፋቅኩ፣ እንደ እርጎ ዕቃም በወይራ አጠንኳቸው።

መምህሩ ሲመለሱ አንዱን አንስተው አሸተቱ።

«ምን ሆነ ይሄ?»

«አጠብኩልዎ፣ ጋሼ። አሁን ወተት ቢይዙበትም ደስ ይላል።»

ራሳቸውን ይዘው መደቡ ላይ ዘጭ አሉ። «የሦስት ቀን ልፋቴ!» ሲሉ ነገሩ ገባኝ። አባቴ ከእርሻ ሳይመለስ ካልተካሁት አለንጋው አይቀርልኝም።

«ከየት ከየት እንደቀዱት አውቃለሁ» ብዬ ጠርሙሶቹን ታቅፌ ቁልቁል ሮጥኩ። እሳቸው እየተንሸራተቱ ተከተሉኝ። ከየምንጩ ቆንጥረው አዮዲን ጠብ ያደርጉበታል። ከጠቆረ ስታርች አለው ብለው ይጥሉታል፤ የሚፈልጉት የማይጠቁረውን፣ ወደ ቢጫ የሚያደላውን ዘር ነበር። አምስቱ ሞሉ፤ ስድስተኛው የሚሞላበት ዘር ግን ጠፋ።

«ምን ይመስል ነበር?»

«ጭቃ ላይ የተበተነ፣ የጎመን ዘር የሚያህል አረንጓዴ ፊኛ።»

«እሱማ በጎቻችን ኩሬው ዳር የሚረግጡት ነው!»

ኩሬው ዳር በከተማ ሱሪያቸው ተንበርክከው ሲለቅሙ፣ አባቴ በሬዎቹን እየነዳ ደረሰ።

«ምን ጠፋብዎ፣ ጌታው?»

ጠርሙሱን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

«ልጅዎ እያገዘችኝ ነው» አሉ መምህሩ።

«እሷ? ዕቃ እንኳ ማጠብ የማትወድ ሰነፍ!»

መምህሩ ወደ እኔ አዩ፤ ጢማቸው ጭቃ ነክቶታል። «ታጥባለች» አሉ። «ኧረ በደንብ ታጥባለች።»

ልጅ ከወለድኩ ወዲህ፣ ባጠፋች ቁጥር እንደሳቸው ልታገስ እላለሁ። አልሆነልኝም፤ ምን እንደሆነ ገና ሳልሰማ ፈርቼ እጮኻለሁ። ምን ላድርግ? እሳቸው በማግስቱ መኪና ተሳፍረው ሄዱ፤ እኔ ግን የትም የማልሄድ እናት ነኝ።