የአሰቡ ሾፌርና እግሩ ላይ የወጣው ጥቁር እብጠት

የደርግ ወታደሮች የያዙኝ ዝዋይ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ መርፌ እየቀቀልኩ ሳለ ነው። ጋዋኔን እንኳ አላስወለቁኝም። ናዝሬት አምጥተው ከአንድ ክፍል ሲከቱኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነበር፤ ቀጥሎ የላብና የረጠበ ሰሌን ሽታ። በጋዋኔ የተነሳ እስረኛው ሁሉ «ዶክተር» አለኝ። ጤና ረዳት ነኝ ብልም የሰማኝ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ከጥግ የሚተኛ አንድ ጎልማሳ እግሩን አሳየኝ። የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ ለወንበዴ ነዳጅ አቀብለሃል ተብሎ ነው የታሰረው። ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ የበሰለ ወይን የመሰለ ጥቁር እብጠት ወጥቶበታል። እግሩ አብጦ ጫማ አይገባለትም። አፉን ሲከፍት ላንቃው ላይም አለ።

«አያመኝም፤ ግን ይጨምራል» አለ።

በሥልጠና ላይ የዚህን ፎቶግራፍ አይቼ ነበር። ካንሰር ነው፤ ኤድስ ያዳከመው ሰው ላይ ይወጣል። አስተማሪያችን «ሌላ ቫይረስ ሳያግዘው አይቀርም፤ እስካሁን ግን ያገኘው የለም» ብሎን ነበር። ሾፌሩን ለብቻው አድርጌ የማውቀውን ነገርኩት። እግሩን ትኩር ብሎ አየ።

«አብረውኝ ሲበሉ ይይዛቸዋል?»

«ኤድስ በምግብ አይተላለፍም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ምሳ ላይ ሚስቱ የላከችው ወጥ ትሪው ላይ ሲወጣ ሕመሙን ነገራቸው። እጆች ሁሉ ከትሪው ተሰበሰቡ። አንድ የባንክ ሠራተኛ «በረንዳ ይተኛ» አለ። የክፍሉ ሽማግሌ መንደር ምሥረታን ተቃወሙ ተብለው የታሰሩ የሁሩታ ገበሬ ነበሩ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ዶክተር፣ አንተ ትበላለህ?»

«እበላለሁ፣ አባባ።»

አጠገቡ ተቀምጬ ጎረስኩ። ሽማግሌው ትሪውን ወደ ሾፌሩ ሳብ አድርገው በኦሮምኛ «ኮቱ»፣ ቀጥለውም «ቀረብ በል» አሉት፤ ራሳቸውም ጎረሱ። ሌሎቹ እያመነቱ ተመለሱ። የባንኩ ሰው መጨረሻ መጣ። ሾፌሩ ሥጋውን ወደ እሱ ገፋለት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በረሃ ላይ የመኪናውን ሞተር ምድጃ አድርጎ እንቁላል ሲጠብስ እንዴት እንዳሳረረው አጫወተን። ወታደሩ በሩን እስኪደበድብ ሳቅን።

ከጊዜ በኋላ ሆስፒታል እንዲሄድ ተፈቀደለት። ስሙ ሲጠራ እግሩን አየ።

«ከተማውን በባዶ እግሬ ላቋርጥ ነው?»

ሽማግሌው ከጎማ የተሠራውን በረባሷቸውን አወለቁ። ማሰሪያውን ላላ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ራሳቸው አጠለቁለት።

«ኧረ አባባ፣ እርስዎስ?»

«እኔ የት እሄዳለሁ? የሁሩታን ጭቃ የቻለ ነው፤ የናዝሬት አስፋልት አያቅተውም።»

ሾፌሩ ቀስ እያለ፣ ግን ቀጥ ብሎ ወጣ። ከሆስፒታል ወደ ክፍላችን አልመለሱትም፤ ወደ ቤቱ ለቀቁት። በቀጣዩ ክረምት ልጆቹ እንደከበቡት፣ አልጋው ላይ እንዳለ ማረፉን ከተፈታሁ በኋላ ሚስቱ ነገረችኝ።

አስተማሪያችን የጠረጠረው ሁለተኛው ቫይረስ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በምራቅ ሊተላለፍ እንደሚችል፣ ጤነኛውን ሰው ግን እምብዛም እንደማይጎዳ ያን ጊዜ አነበብኩ። አስቀድሜ ባውቀውም ኖሮ አብሬው እበላ ነበር። ዛሬ ያ እብጠት የወጣባቸው ሰዎች መድኃኒት ጀምረው ሲደበዝዝላቸው አይቻለሁ፤ ደስ ይለኛል። አንዱ ፈርቶ ሊያማክረኝ ቤቴ ሲመጣ ግን እብጠቱን ከማየቴ በፊት «ከማን ጋር ነው የምትበላው?» እለዋለሁ።